ሥርዓተ ትምህርት በኢትዮጵያ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ ማዕቀፍ ሰነድ

ሥርዓተ ትምህርት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ መማሪያ መጽሐፍና ወደ ክፍለ ጊዜ ድልድል ይሄዳል። ጉዳዩ ከዚያ እጅግ ይሰፋል። አንድ ማኅበረሰብ ከደረሰበት ዕውቀት ሁሉ የትኛውን ለልጆቹ እንደሚያወርስ፣ ምኑን አስቀድሞ ምኑን እንደሚያስከትል፣ በየትኛው ቋንቋና በማን አማካይነት እንደሚያስተምር፣ ተማሪው መብቃቱንስ በምን እንደሚያረጋግጥ የሚቆርጥበት ውሳኔ በሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ነው። የዘርፉ ሰዎች በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ያክላሉ። በሰነድ የሰፈረው፣ መምህሩ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው፣ ፈተናው የሚጠይቀውና ተማሪው ይዞት የሚወጣው አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አራቱ ሙሉ በሙሉ የገጠሙበት አገር ማግኘትም አስቸጋሪ ነው።

ይህ ቅኝት የኢትዮጵያን የትምህርት ታሪክ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዘልቃል፦ በየዘመኑ ሥርዓተ ትምህርቱ በማን እጅ ነበር? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ያሳያል። እኔ እንደማየው የአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ዋና ክር፣ ዕውቀቱ ከመምህሩ ወጥቶ ወደ መንግሥት ሰነድ የገባበት፣ ከሰነዱም ተመልሶ ወደ መምህሩ ለመድረስ የተቸገረበት ታሪክ ነው። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ርዕዮተ ዓለማቸውም ተለዋውጧል፤ ይህ ችግር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወራረስ ኖሯል።

የመጀመሪያው ዘመን ረጅሙም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ስታስተምር ሚኒስቴርም ሆነ የታተመ መርሐ ትምህርት አልነበራትም። ሥርዓት ግን ነበራት፤ ያውም ጥብቅ ሥርዓት። ልጁ ከንባብ ቤት ይጀምራል። ፊደሉን በተራው ሀ ሁ ሂ ብሎ ቢዘልቅም መምህሩ፣ የኔታ፣ በዚያ ብቻ አያምኑትም። ተራውን በቃሉ ሸምድዶ ሊሆን ይችላልና ፊደሉን በሌላ አሰላለፍ፣ በአቡጊዳ፣ እንደገና ያስቆጥሩታል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይከተላል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥረዋል፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ ይለማመደዋል፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይወጣዋል። ዳዊት ሲደግም ንባብ ቤቱን ጨረሰ ይባላል፤ ለብዙዎቹም ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

የሚገፋበት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ይወጣል። ከፊቱ ያሉት ቤቶች ብዙ ናቸው። ዜማ ቤት ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬ መዋስዕቱን፣ ቅዳሴውንና አቋቋሙን ይይዛል፤ ቅኔ ቤት ግዕዙን ከነአገባቡ፤ መጻሕፍት ቤት ደግሞ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው። እያንዳንዱ ሙያ የታወቀ ማስመስከሪያ ነበረው። የድጓ ሰው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋስዕት ሰው ዙር አምባ፣ የአቋቋም ሰው ጎንደር፣ የቅዳሴ ሰው ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ፣ ቅኔ ፈላጊው ጎንጅ፣ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርዳል። ሁሉን ለመጨረስ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

የዚህን ትምህርት አሠራር ቀረብ ብሎ ለማየት ከቅኔ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ተማሪው መምህሩ ያስቀጸሉትን ግስና አገባብ ይዞ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥላ ብቻውን ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሲበረታ ሦስት ቤት ወዳላት ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እያለ እያለ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ሲመሽ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ እዚያው ይታረማል። ነገ የሚቀርበው የትናንቱን ይዞ አይደለም፤ አዲስ ቅኔ ይዞ ነው። ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ተከታታይ ምዘና፣ ተማሪ ተኮር ትምህርት፣ ከቀላል ወደ ከባድ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ በዚያ ጥላ ሥር በሥራ ላይ ነበር። ልዩነቱ ሥርዓተ ትምህርቱ በመምህሩ ውስጥ መኖሩ ነው። ተማሪው መምህሩን መርጦ በእግሩ ይከተላል፤ መምህሩም የሚያስተምሩትን ራሳቸው ሆነውት ይገኛሉ።

ጉድለቱም ሊሸፈን አይገባም። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ጉባኤ ውጭ ነበሩ። ሒሳብ ከዘመን መቁጠሪያው ከባሕረ ሐሳብ አያልፍም፣ የእጅ ሙያ እንደ ዕውቀት አይቆጠርም፣ ትምህርቱም ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተነሥቶ ወደዚያው ይመለሳል። ይሁንና ለነገሥታቱ ጸሐፊ፣ ለዳኝነቱ ሊቅ፣ ለአገሩ ታሪክ መዝጋቢ ያፈራው ይኸው ቤት ነው።

በአንጻሩ በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም የሙስሊም አካባቢዎች ሌላ ሰፊ ሥርዓት ጎን ለጎን ሲሠራ ኖሯል። ልጁ በቁርኣን ቤት አሊፍ ባ ብሎ ይጀምራል፤ የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም ጽፎ ያጠናዋል፣ ሲይዘው ሉሑ ይታጠብና ለቀጣዩ ይዘጋጃል። ቁርኣኑን ያኸተመው ደረሳ ፊቅህ፣ ነሕው፣ ሐዲስና ተፍሲር ፍለጋ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል። የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ መንዙማ መድረሳቸው፣ ይህ ትምህርት ከአገሬው ቋንቋ ጋር ምን ያህል እንደተዋሐደ ያስረዳል። የቤተ ክርስቲያኑ የቆሎ ተማሪና የቁርኣን ቤቱ ደረሳ የተማሩት ነገር ይለያይ እንጂ ሁለቱም ዕውቀትን የፈለጉት ሰውን በመከተል ነው። የሁለቱም ሥርዓት ባለቤት መምህሩና እሱን የሚያኖረው ማኅበረሰብ ነበር፤ መንግሥት በይዘቱ ውስጥ እጁ አልነበረበትም ማለት ይቻላል።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። ከ1888 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ውል የምትዋዋል፣ ስልክና ፖስታ፣ ባንክና ባቡር የምታስገባ አገር ሆነች። ለዚህ ሁሉ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ዓላማው ይኸው ነበር። ካህናቱ የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለሰጉ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ ተደረገ፤ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ፣ በዘመናዊ ትምህርት ደግሞ የተለማመዱ ነበሩና። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ የትምህርቱ እምብርት ሆኑ። እንግዲህ የመጀመሪያው የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ከስምምነት የተወለደ ነው፤ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ፈለገ፣ ቤተ ክርስቲያን ዋስትና ፈለገች፣ ሁለቱም በከፊል አገኙ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሥራው ቢሮ መሆኑም ያኔ ተወሰነ፤ ይህ ግምት እስከ ዛሬ ከቤተሰብ ልብ አልወጣም።

በ1917 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ጥቂት ቆይቶም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከተለ። ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ ግን እያንዳንዱ በመጣለት የውጭ መምህር ልማድ ይመራ ጀመር። ፈረንሳዊው የፈረንሳይን መጽሐፍ ይከፍታል፣ ሌላው የራሱን አገር። እ.ኤ.አ. በ1930 አማካሪ ሆነው የመጡት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኧርነስት ወርክ ይህን አይተው፣ ትምህርቱ ኢትዮጵያዊ መልክ እንዲይዝ፣ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ያለው አንድ ወጥ አደረጃጀት እንዲኖር ዕቅድ አቀረቡ። ኢትዮጵያዊ ሥርዓተ ትምህርት ያስፈልጋል የሚለውን ሐሳብ በዕቅድ መልክ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የውጭ አገር ሰው መሆናቸው የዘመኑን ሁኔታ ይነግረናል። ዕቅዱ ሥራ ላይ ሳይውል ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወረረች።

የአምስቱ ዓመት ወረራ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ እንደ ባዶ ገጽ ይታለፋል፤ ነገር ግን ባዶ አልነበረም። ወራሪው ለኢጣሊያውያን ልጆች አንድ ዓይነት፣ ለአገሬው ልጆች ሌላ ዓይነት ትምህርት ደነገገ፤ ለአገሬው የታሰበው ታዛዥ ሠራተኛ የሚያደርገውን ያህል ብቻ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ሥርዓተ ትምህርት የአገዛዝ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከነጻነት በኋላ ያለው ዘመን የግንባታ ዘመን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1938 ዓ.ም. ተከፈቱ። የእንግሊዝ ተጽዕኖ የፈረንሳይን ተካ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ የመጨረሻው ፈተና የለንደን ሆነ። በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያው ይፋዊ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ያለው አደረጃጀት ተተከለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥርዓቱ ከሥር እስከ ጫፍ የተያያዘ መሰለ። ሆኖም አቅጣጫውን የሚሰጠው ከላይ ያለው ነበር። ኮሌጁ የሚፈልገው የሁለተኛ ደረጃውን ይዘት ይወስናል፤ የሁለተኛ ደረጃው የአንደኛ ደረጃውን። ከመቶ ልጆች ዘጠና ምናምኑ የማይደርሱበት ኮሌጅ የሁሉንም ልጆች ትምህርት ይቀርጽ ነበር።

በዚሁ ዘመን ሥርዓተ ትምህርት በዓለም ላይም ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኖ ነበር። ጆን ዲዊ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ትምህርት ከሕፃኑ ልምድና ፍላጎት ይነሣ ብለው ተከራክረዋል። ፍራንክሊን ቦቢት እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጡት መጽሐፍ ትምህርት የአዋቂው ሰው ሥራ ተተንትኖ ከዚያ ይቀዳ አሉ። ራልፍ ታይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ጉዳዩን ወደ አራት ጥያቄዎች አመጡት፤ ዓላማው ምንድን ነው፣ ወደ ዓላማው የሚያደርሰው የመማር ልምድ የትኛው ነው፣ ልምዱ እንዴት ይደራጃል፣ ዓላማው መሳካቱስ በምን ይለካል? ይህ አስተሳሰብ አሜሪካ ሄደው በተማሩ ኢትዮጵያውያንና በአሜሪካ የርዳታ መርሐ ግብር በፖይንት ፎር አማካይነት በመጡ ባለሙያዎች በኩል አዲስ አበባ ገባ። ዓላማ፣ ይዘት፣ ዘዴ፣ ምዘና እየተባለ በአምድ የሚሞላው የዕለት ትምህርት ዕቅድ መምህራን ዛሬም የሚያውቁት የዚያ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ጥንካሬው ሥርዓት ማስያዙ ነው። ድካሙ ደግሞ ዓላማውን ማን ያወጣል የሚለውን ጥያቄ ከመምህሩ ወስዶ ለቢሮ መስጠቱ ነው፤ መምህሩ በሌላ ሰው የተቀረጸ ዓላማ ፈጻሚ ሆነ።

በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መራራ መስታወት ሆነ። ነጻነቷን ጠብቃ የኖረችው አገር በትምህርት ተሳትፎ ገና ከቅኝ አገዛዝ ከወጡት ብዙዎቹ ኋላ መቅረቷ ታየ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። በ1956 ዓ.ም. አደረጃጀቱ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆነ፤ አማርኛም እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ተደረገ። አንድ ትውልድ ሳይንስንና ሒሳብን በአገሩ ቋንቋ ማሰብ መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ ግን ትምህርት ቤት የገባበት ቀን አፉ የተዘጋበት ቀን ነበር። ቋንቋ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የትምህርቱ ማስተላለፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ማን እንደ ባለቤት፣ ማን እንደ እንግዳ እንደሚቀመጥ ይወስናል። ይህ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የአገሪቱን የትምህርት ካርታ ለውጦታል።

የንጉሡ ዘመን ትምህርት የተዘጋበት መንገድ ለዚህ ቅኝት ዋና መታጠፊያ ነው። በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ጥናት የሚባለው ትልቅ ሥራ ተካሄደ። አጥኚዎቹ የአገሪቱን ምሁራንና የውጭ ባለሙያዎችን ያካተቱ ነበሩ፤ የታዘቡትም እውነት ነበር። ትምህርቱ ለጥቂቶች ውድ፣ ለገበሬው ልጅ ሩቅ፣ ለሥራ ደግሞ ባዕድ ነበር። የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ይዳረስ፣ ይዘቱም ከገጠሩ ኑሮ ይቀዳ አሉ። ነገር ግን ጥናቱ መምህራኑን ከጉዳዩ አላስገባም፤ ለሕዝብ ሳይቀርብም ቆየ። ወሬው ሲወጣ የተሰማው ሌላ ነበር፦ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የመምህሩ ደመወዝም ሊነካ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎችም አቁመው ከተማዋ ተናወጠች። መንግሥት ዕቅዱን ሰረዘ፤ ራሱም ከወራት በኋላ ወደቀ። ለዘውዱ መውደቅ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ሥርዓተ ትምህርት እንዲህ በቀጥታ ከአብዮት ደጃፍ ጋር የተገናኘበት አገር ብዙ አይደለም። ጥናቱን ዛሬ ያገላበጠ ሰው ሐሳቦቹ በኋላ በመጡት ፖሊሲዎች ሁሉ ውስጥ እየተደጋገሙ መምጣታቸውን ያያል። የጎደለው የሐሳብ ጥራት ሳይሆን የሚያስተምረው ሰው እምነት ነበር።

እስካሁን የመጣንበትን መንገድ ጠቅለል ብናደርገው፣ መምህሩ ራሱ ሥርዓተ ትምህርት ከነበረበት ጉባኤ ተነሥተን መምህሩ ሥርዓተ ትምህርቱን በሥራ ማቆም አድማ እስከ ጣለበት ዘመን ደርሰናል። መሐል ላይ ያለው ሰባ ዓመት አይሞላም።

ዘውዱን የተካው ደርግ ትምህርትን በመሣሪያነት መጠቀሙን አልሸሸገም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። ቀጥሎም ትምህርት ለማምረት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት የሚል መፈክር የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ ሆነ። የፖለቲካ ትምህርት ከክፍል ክፍል ተዘረጋ፣ እርሻና የእጅ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ገባ፣ ከምሥራቅ ጀርመን በተቀዳ ሐሳብ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ተሞከረ። የዘመኑ ትልቁ ሥራ ግን ከመደበኛው ክፍል ውጭ የተሠራው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል እየጻፈ፣ ሚሊዮኖችን ከማይምነት አውጥቷል፤ የዩኔስኮን ሽልማትም አግኝቷል። በብሔረሰቦች ቋንቋ ማስተማር እንደሚቻል በተግባር ያሳየ የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራም ይኸው ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጅ የነበረ ሰው፣ በማታ ክፍል በኩራዝ ብርሃን የመጀመሪያ መስመራቸውን የጻፉ እናቶችን አይረሳም።

መደበኛው ትምህርት በበኩሉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። የተማሪው ቁጥር ሲያብጥ ሺፍት ተጀመረ፣ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ አንድ ሆነ። ከ1976 እስከ 1978 ዓ.ም. የተካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ግምገማ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ደርግ የራሱን ድካም በራሱ ባለሙያዎች ማስመርመሩ ሊመሰገን ይገባል፤ መድኃኒቱን ለመስጠት ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አልተወለትም።

ቀጣዩ መታጠፊያ ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ሰነዱ ራሱ የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ከ22 በመቶ በታች መሆኑን ገልጾ ነበር የተነሣው። አደረጃጀቱ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ዝግጅቱም ለክልሎች እንዲተው ተወሰነ። ከሃያ በላይ ቋንቋዎች ከዚያ ወዲህ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነዋል፤ ለትምህርት መጽሐፍ ሲሉ ፊደል የመረጡ፣ የሳይንስ ቃላት የፈጠሩ፣ ሰዋስው የጻፉ ማኅበረሰቦች ብዙ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አፉ የተዘጋበት ልጅ አሁን በገዛ ቋንቋው እጁን አውጥቶ ይመልስ ጀመር፤ ይህ ለውጥ ከፖለቲካው ሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ተማሪውም በዛ፤ ሁለት አሥርት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንደኛ ደረጃው ቁጥር ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ከዚህ ጎን ሁለት ስንጥቆች ተከፈቱ። አንደኛው የቋንቋ መሸጋገሪያው ነው። ልጁ እስከ ስምንተኛ፣ በአንዳንድ ክልል እስከ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ድረስ በቋንቋው ይማርና በድንገት እንግሊዝኛ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስተምረው መምህርም በዚያው ቋንቋ አይዝናናም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ሌላ፣ በማስታወሻ ደብተር የሚገለበጠው ሌላ፣ በፈተና የሚጠየቀው ሌላ ሆነ። ሁለተኛው ስንጥቅ የታሪክና የዜግነት ትምህርት ነው። ስለ አንድ አገር ያለፈ ዘመን ምን እንደሚነገር ክልል ከክልል፣ ትውልድ ከትውልድ ሊስማማ አልቻለም፤ ጉዳዩ ዛሬም ክፍት ነው።

የሰነዱና የመምህሩ መራራቅ ጫፍ የደረሰው በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ፕላዝማ፣ በመጣ ጊዜ ይመስለኛል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነበር። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል፤ የቀረው የፕላዝማው ነው። አቅራቢዋ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰከንድ ቆጥራ መልሱን ራሷ ትናገራለች፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። የኋላ ወንበር ያለው ልጅ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ ሥዕሉ ይለወጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ዓላማው ክቡር ነበር፤ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ሙከራውን በዓይኑ እንዲያይ፣ የከተማውና የገጠሩ ልጅ አንድ ትምህርት እንዲያገኙ ታስቦ ነው። የጠፋው መምህሩ ተማሪው የቱ ጋ እንደተሰናከለ አይቶ የሚያቆምበት ጊዜ ነው፤ የቅኔ መምህሩ ዋና ሥራ ይኸው ነበር።

በዚህ መሐል ያልተጻፈው ሥርዓተ ትምህርት፣ ፈተናው፣ ሥልጣኑን ይዞ ቆየ። ወላጅም ተማሪም ትምህርቱን የሚያውቁት በሚኒስትሪና በማትሪክ ፈተናዎች ነው። ጥያቄ የማይወጣበት ምዕራፍ አይነበብም፤ ላብራቶሪና ሥነ ጥበብ፣ ውይይትና ድርሰት ከመጽሐፉ ቢኖሩም ከክፍሉ ይወጣሉ። ፖሊሲው ችግር ፈቺ ዜጋ ሲል የፈተና ወረቀቱ ምርጫውን አጥቁር ይላል፤ ልጁም ወረቀቱን ይሰማል።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. በቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ ነው። በእሱ መነሻ በ2013 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ወጣ፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸደቀ። አደረጃጀቱ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመለሰ፤ በ1956 ዓ.ም. የነበረው ማለት ነው። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። ግብረ ገብ፣ የአገር በቀል ዕውቀት፣ ሥነ ጥበብ፣ ለከፍተኛዎቹ ክፍሎችም የሙያና ቴክኒክ ትምህርቶች ገብተዋል። ተማሪው መሸምደዱን ትቶ ማገናዘብና መሥራት እንዲችል ብቃትን መነሻ ያደረገ ዝግጅት ነው ተብሏል።

ይህ ሁሉ እየተሰናዳ ሳለ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ፤ ብዙ ሰውም ተማሪውን ወቀሰ። ይህ ፍርድ ለእኔ አይዋጥልኝም። እነዚያ ልጆች ያለ ብዙ ምዘና ከክፍል ወደ ክፍል የተሸጋገሩ፣ በማይገባቸው ቋንቋ የተማሩ፣ በኮቪድና በጦርነት ክፍላቸው የተዘጋባቸው ናቸው። የተለካው የአሥራ ሁለት ዓመት ሥርዓት ነው፤ ስሙ የተጻፈው ግን በልጁ ላይ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል መጽሐፉ አልደረሰም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህሩ የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ከስልኩ እያነበበ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ስልክ ያለው ተማሪ ከቴሌግራም ያወርድ፣ የሌለው ይገለብጥ ነበር። የኅትመቱ ነገር ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ነው። የሙያ ትምህርቶቹ ግን ወርክሾፕና የሚያስተምር ባለሙያ ይሻሉ፤ የሥነ ጥበቡ ክፍል ሙዚቃና ሥዕል የሚያውቅ መምህር ይሻል፤ ብቃትን የሚመዝነው ምዘና ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሚታጨቀው ተማሪ ቁጥር ጋር ይጋጫል። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው እየተሰበሰቡ ሥልጠና መውሰዳቸው ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ትክክለኛው አቅጣጫ ነው። ሥልጠናው የሰነዱን ይዘት ከማስተዋወቅ አልፎ፣ መምህሩ ከክፍሉ ያየውን ይዞ ሰነዱን የሚያርምበት መድረክ መሆን አለበት። ማዕቀፉ በየጊዜው እንደሚገመገም የተነገረ በመሆኑ፣ የሚቀጥለው ክለሳ በሚጀመርበት ዓመት የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ወንበር ሊሰጠው የሚገባው በየወረዳው ጠመኔ ይዞ የቆመው ሰው ነው።